የገዙትን ስለ መውደድ

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ሁለት የእኅቴ ልጆች እኔን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ታላቁ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ታናሹ ገና ተማሪ ነው። ምሳ ተበልቶ ቡና እስኪፈላ ድረስ ሁለቱ ጥግ ይዘው ቀስ ብለው ይነጋገሩ ነበር። አቦሉ ሲቀዳ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ቶናው ሲደርስ ታናሹ ብድግ ብሎ ቆመ፤ በረካውን ሳይጠጣ በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ። እኔም ወይ የገንዘብ፣ ወይ ለሽማግሌ የማይነገር ሌላ ጉዳይ መስሎኝ ታላቁን ለብቻው ጠርቼ «ምን ተፈጠረ?» ብለው፣ ጥቂት አፍሮ ቆየና «ስለ ፕሮሰሰር ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ለማያውቀው አንባቢ ለመንገር ያህል፣ ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒዩተር ስሌት የሚከናወንበት፣ የጥፍር ያህል ስፋት ያለው የሲሊኮን ቁራጭ ነው። ይህን ዕቃ ለግል ኮምፒዩተር ከሚያቀርቡት ኩባንያዎች ዋነኞቹ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ ኢንቴልና ኤኤምዲ ናቸው። ታላቁ የኢንቴል ወገን ነው፤ ታናሹ የኤኤምዲ ወገን ነው። እንደ እነርሱ ያሉ ወጣቶች በየአገሩ ሞልተዋል፤ የፍጥነት ቁጥር እየጠቀሱ፣ ዋጋ እያነጻጸሩ፣ አንዱ ሌላውን ገንዘቡን በከንቱ የበተነ ሞኝ እያደረገ ሲከራከሩ ሌሊቱ ይነጋል። የእኔዎቹ ግን በዚህ ነገር ሦስት ሳምንት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

በመጀመሪያ ሳቅሁ። በልጅነቴ በሰፈራችን የነበሩ የጭነት መኪና ሾፌሮች በፊያትና በመርሴዲስ እንዲሁ ሲጣሉ አይቻለሁና ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ኋላ ግን ሳቄ አልጣመኝም፤ በልጆቹ ላይ ያየሁት በሽታ በእኔም ላይ እንዳለ አስታወስሁ። ይህን በስፍራው እናገራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሁለቱ ኩባንያዎች ጥቂት ልበል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኢንቴልን በ1968 ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር፣ ኤኤምዲን በ1969 ጄሪ ሳንደርስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በካሊፎርኒያ አቋቋሟቸው። ሦስቱም ሰዎች ከዚያ በፊት ፌርቻይልድ በሚባል በአንድ ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ እንግዲህ ባላንጣዎቹ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። አይቢኤም በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል ወሰደ፤ ዳሩ ግን በአንድ አቅራቢ ላይ ብቻ መንጠልጠልን ስላልወደደ ሁለተኛ አምራች እንዲኖር ፈለገ። ስለዚህ ኢንቴልና ኤኤምዲ በ1982 ተዋዋሉና ኤኤምዲ የኢንቴልን ፕሮሰሰር እየሠራ ለመሸጥ ቻለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ስምምነቱ ፈረሰ፤ ክርክሩም እስከ 1995 ድረስ ሲጓተት ኖረ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ኤኤምዲ በ2003 ባለ 64 ቢት የትእዛዝ ሥርዓት ያለው ፕሮሰሰር ባወጣ ጊዜ፣ ኢንቴል በማግሥቱ ዓመት ያንኑ ሥርዓት ተከትሎ በራሱ ፕሮሰሰር ውስጥ አስገባው። ዛሬ የታላቁ ኢንቴል ከኤኤምዲ የተማረውን ቋንቋ ይናገራል፤ የታናሹም ኤኤምዲ ከኢንቴል የወረሰውን ይናገራል።

በዚህ አላበቃም። ኤኤምዲ በ2009 ፋብሪካዎቹን ከራሱ ለይቶ ለሌላ ኩባንያ ከለቀቀ በኋላ፣ እያደር የፕሮሰሰሮቹን ዋና ክፍል ቲኤስኤምሲ በሚባለው የታይዋን ፋብሪካ የሚያሠራ ሆነ። ኢንቴል የራሱ ፋብሪካዎች ያሉት ቢሆንም፣ በ2024 ካወጣቸው ፕሮሰሰሮች የአንዳንዶቹን ዋና ክፍል የሠራለት ይኸው የታይዋን ፋብሪካ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ሁለቱ ኩባንያዎች ስለ ጋራ የትእዛዝ ሥርዓታቸው የሚመክር አንድ ጉባኤ አብረው አቋቋሙ። ባለቤቶቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ፣ የእኔ የእኅት ልጆች በአንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ አቃታቸው።

«የቱ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም። ወጣቱ አንባቢዬ ይህን እንዲያስተውልልኝ እወዳለሁ፤ ክርክር ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሽማግሌ ልሆን አልፈልግም። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውን ይዳስሳል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፤ ከጎረቤቱም ጋር ይሟገታል። ሙግቱ ግን ከእርሻው አይርቅም። መሬቱ መረሬ ነው ወይስ ቀላል? አጣማጁ በሬ የቱ ነው? በክረምት መኖው ከየት ይመጣል? በሬው ከማን በረት እንደ መጣ መጠየቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ስለ በረቱ ክብር ሲል አንካሳ በሬ የሚገዛ ገበሬ አላየሁም።

የፕሮሰሰር ክርክርም በመልካም መንገዱ ሲሄድ እንዲሁ ነው። ኤኤምዲ በ2017 ራይዘን የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ፣ ስምንት ኮር ያለው ከፍተኛው ዓይነት በ499 ዶላር ቀረበ፤ በዚያን ጊዜ የኢንቴል ባለ ስምንት ኮር ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። ኮር ማለት በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ማለት ነው። አንዱ ወገን «እንግዲህ ነገሩ ተቆረጠ፤ በእኩሌታ ዋጋ ስምንት ሠራተኛ!» አለ። ሌላው ወገን «የእኔ ሥራ ስምንት ሠራተኛ አያሠራም፤ ለምጫወተው ጨዋታ የሚጠቅመኝ ፈጣን የሆነ ጥቂት ሠራተኛ ነው» አለ፤ በጨዋታ በኩል በጊዜው ኢንቴል ይፈጥን ነበርና ይህም እውነት ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ዛሬን ትቶ ነገን አሰላ። ፕሮሰሰር የሚሰካበት ማዘርቦርድ የሚባል ገበታ አለ፤ በኢንቴል በኩል መሰኪያው ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ አዲስ ፕሮሰሰር የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ገበታውንም አብሮ መግዛት ነበረበት፤ በኤኤምዲ በኩል ግን በ2017 ከተገዙት ገበታዎች በብዙዎቹ ላይ በ2022 የወጣ ፕሮሰሰር ሊሰካ ቻለ። ሦስቱም ሰዎች ልክ ናቸው፤ ሦስቱም የሚናገሩት ስለ ዋጋ ነው። በቋንቋችን ዋጋ የሚለው ቃል የሚከፈለውንም ገንዘብ፣ የነገሩንም ክብደት አንድ ላይ ይዞ ይኖራል፤ የመጀመሪያው በወረቀት ተጽፎ ዕቃው ላይ ይለጠፋል፤ ሁለተኛው ግን የሚሠራበት ሰውና የሚሠራው ሥራ ካልታወቀ ከየትም አይገኝም።

ታዲያ ክርክሩ መንገድ የሚስተው የት ላይ ነው? እኔ እንደማየው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ሳይገዛ የነበረው ወጣት ይጠይቃል፤ ያነጻጽራል፤ ሐሳቡን ይለውጣል። የስድስት ወር ቁጠባውን ከከፈለ በኋላ ግን ዕቃው ዕቃ መሆኑ ይቀርና የማስተዋሉ ምስክር ይሆናል። ሌላው ይሻላል ማለት «አንተ አታውቅም» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ የሲሊኮኑን ቁራጭ እንደ ወንድሙ ይከላከልለታል። (የሚገርመው ግን፣ ከሁሉ ይልቅ ሲጋጋሉ ያየኋቸው ሁለቱንም መግዛት ያልቻሉት ናቸው። እነርሱ የሚከላከሉት ምኞታቸውን ይመስለኛል፤ ምኞት ደግሞ ከገንዘብ የበለጠ ይጠበቃል።) በቅዱስ ጊዮርጊስና በኢትዮጵያ ቡና መካከል ወገን ይዞ መጮህ ሌላ ነገር ነው፤ ቡድን የሚሰጠን ደስታ ከመደገፍ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ደጋፊው ደጋፊ ባይሆን ምንም አያገኝም። መሣሪያ ግን ብንደግፈው አይፈጥንም፤ ብንሰድበው አይዘገይም።

ወገን የያዘ ሰው ትውስታው በአንድ ዓይን ነው። ታናሹ የ1994ን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል። እኔ የሒሳብ መምህር ስለ ነበርሁ ነገሩን ከእርሱ ስሰማ እጅግ ደስ አለኝና እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። በአሜሪካ በቨርጂኒያ፣ በሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበረ ቶማስ ናይስሊ የተባለ ሰው ስለ ቁጥሮች ምርምር ሲያደርግ ስሌቱ አልስማማ አለው። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት በኢንቴሉ ፔንቲየም ውስጥ ነበር፤ ማሽኑ በአንዳንድ ቁጥሮች ላይ ማካፈል ይሳሳት ነበር። 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.333820 መውጣት ሲገባው 1.333739 ይወጣ ነበር። እኔም ይህን በሰማሁ ቀን ማታ በእርሳስ አካፍዬ አየሁት፤ እርሳሴ ከፔንቲየሙ በለጠ። ኩባንያው በመጀመሪያ ስሕተቱ ተራውን ሰው እምብዛም አያገኘውም ብሎ፣ እንደሚያስፈልገው ላስረዳ ሰው ብቻ ልለውጥ አለ፤ ጩኸቱ ሲበዛ ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ለጠየቀ ሁሉ ለመለወጥ ተስማማ፤ በሒሳቡም 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ተመዘገበበት።

ታናሹ በዚህ ታሪክ የሚያየው የኢንቴልን ውርደት ነው። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው በመምህሩ ላይ ነው። ይህ ሰው ልዩነቱን ያየው በሰኔ ግድም ሲሆን፣ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ መሆኑን ያረጋገጠው በጥቅምት ነው። በእነዚያ ወራት ውስጥ ያደረገው አንድ ነገር ነበር፤ ሌላውን ከመክሰሱ በፊት የራሱን ፕሮግራም፣ የራሱን ማሽን ሌሎች ክፍሎች አንድ በአንድ እየመረመረ ጥፋቱ ከራሱ በኩል እንዳይሆን ማጣራት። በሠላሳ አምስት ዓመት የማስተማር ዘመኔ መልሱ አልመጣልህ ሲለው መጀመሪያ መጽሐፉን ሳይሆን ደብተሩን የሚጠራጠር ተማሪ ያገኘሁት ጥቂት ነው።

ታላቁ በበኩሉ ይህን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም፤ የሚያውቀው የኤኤምዲን ነው። ኤኤምዲ ከ2011 ጀምሮ ስምንት ኮር አላቸው እያለ የሸጣቸው ፕሮሰሰሮች ነበሩ፤ ኮሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዳንድ ክፍሎችን በጋራ ስለሚጠቀሙ «ይህ ስምንት አይባልም» ያሉ ገዢዎች በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ በ2019 ክሱ በ12.1 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። እያንዳንዱ ልጅ የሌላውን ቤት ጉድፍ በቃሉ አጥንቶ የራሱን ቤት በር ዘግቷል።

ከዚህም የሚብሰው፣ የሚጠሉት ወገን የጠቀማቸው መሆኑን አለማየታቸው ነው። ከ2017 በፊት ለአሥር ዓመት ያህል ኢንቴል ለተራው ገዢ ያቀርብ የነበረው ከፍተኛው ባለ አራት ኮር ነበር። ራይዘን በወጣበት በዚያው ዓመት ስድስት ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመት ስምንት ሆነ። ታላቁ ዛሬ የሚኮራበት ስምንት ኮር ከየት መጣለት? ኤኤምዲም ቢሆን ተራው ደርሶ በቀደመ ጊዜ፣ በ2020 ያወጣቸውን ፕሮሰሰሮች ከቀደሙት በ50 ዶላር ያህል አስበልጦ ሸጣቸው። ይህን ስናገር ልወቅሰው አይደለም፤ ነጋዴ ነው፤ ሲቸገር ያረክሳል፤ ሲደላው ያስወድዳል። ገዢው ግን ይህን ሲያይ «ከዳኝ» ብሎ አዘነ። ያልተዋዋለው ሰው እንዴት ይከዳዋል?

ይህን ሁሉ ለታናሹ ሳስረዳው አንድ ቃል መለሰልኝ፤ መልሱም ቀላል አልሆነልኝም። «ጋሼ፣ እኔ ገንዘብ ባልነበረኝ ጊዜ በርካሽ ገዝቼ የተማርሁት በእነርሱ ዕቃ ነው። ውለታ አልክድም» አለኝ። ገንዘብ ከፍለህ ከገዛኸው ውለታው በዚያው ሰዓት ተከፍሏል ልለው ፈለግሁ፤ አልሁትም። ነገር ግን አፌ ይህን ሲናገር ልቤ ወደ መሳቢያዬ ሄደ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ለሽልማት የተሰጠኝ አንድ ብዕር አለ፤ ቀለም መያዝ ካቆመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን አልጣልሁትም። ልጁ የሚለውን እንግዲህ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ያን ብዕር ከብዕሮች ሁሉ ይበልጣል ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሰውም እርሱን የመሰለ እንዲገዛ አልመከርሁም። ውለታው የእኔና የብዕሩ ነው፤ ሌላው ሰው ስለዚህ ምን ዕዳ አለበት?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጡረታ በወጣሁ ጊዜ የቆዩ የትምህርት ጽሑፎቼን የምገለብጥበት ኮምፒዩተር ለመግዛት አሰብሁ። ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መጥቶ፣ በያዝሁት ገንዘብ የቱን ብገዛ እንደሚሻል በትሕትና ነገረኝ። እኔ ግን ስሙን ከዚህ በፊት ሰምቼው የነበረውን ሌላውን ገዛሁ፤ የገዛሁት ከመረጃ ተነሥቼ ሳይሆን ተማሪዬ ሊያስተምረኝ መሞከሩ ስላልጣመኝ ነበር። የየትኛው ኩባንያ እንደ ነበረ አልናገርም፤ ጥፋቱ የኩባንያው አልነበረምና። ለጽሕፈት ያህል ደኅና ነበር። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ግን ከደኅና በላይ አደርገው ነበር።

በጎረቤታችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የምትተዳደር አንዲት ሴት አለች። ልጇ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ለመማር ዩኒቨርሲቲ በገባች ጊዜ እቁቧ ደርሷት ነበርና፣ ከዱባይ ከሚመጡት ላፕቶፖች አንዱን ልትገዛላት አስባ ወደ እኔ መጣች። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ የቱን ልግዛላት?» አለችኝ። ልጅቱ ምን እንደምትሠራበት አልጠየቅሁም። ሰው እስክጠይቅ ቆዪ አላልሁም። የእኔኑ ማርካ ነገርኋት። ያን ጊዜ በልቤ የነበረውን ዛሬ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ሌላውን ገዝታ የተሻለ ሆኖ ቢገኝስ? ተማሪዬስ ይህን ቢያይ? የእኔን ክብር ለመጠበቂያ የእርሷን እቁብ አወጣሁት ማለት ነው።

ልጅቱ በዚያ ላፕቶፕ የሕንፃ ንድፍ ስትሠራ ሥራው እየተንቀራፈፈባት ሌሊቱን ስትጠብቅ ታድር እንደ ነበር፣ ሲብስባትም ወደ ጓደኞቿ ዘንድ እየሄደች በእነርሱ ትሠራ እንደ ነበር ኋላ ሰማሁ። ሰምቼም ዝም አልሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም የልጅቱ አያያዝ ይሆናል ብዬ ለባለቤቴ ተናግሬአለሁ።

የእኅቴ ልጆች በተኮራረፉ በሦስተኛው ሳምንት፣ እነርሱን ለማስታረቅ የምናገረውን ሳሰላስል፣ ንግግሬ ሁሉ ወደ ራሴ እየተመለሰ አላስቀምጥ አለኝ። ተነሥቼ ወደዚያች ሴት ቤት ሄድሁ። ምጣድ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ የነገርኋት ከዕውቀት እንዳልነበረ፣ ስለ ምን እንዳደረግሁትም ሳልሸፍን ነገርኋት። አክንባሎውን ከፍታ እንጀራውን እስክታወጣ ድረስ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ «ታዲያ መምህር፣ አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ እኮ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር» አለች። የምመልሰው አልነበረኝም። ቁጣም አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ ለዕረፍት መጥታ ስለ ነበር ሁለቱን ወንድማማቾች ምክንያቱን ሳልነግራቸው ይዣቸው ሄድሁ። በየፊናቸው ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ልጅቱ ላፕቶፑን አምጥታ እንዴት እንደሚቆም አሳየቻቸው። ታላቁ በየትኛው ፕሮግራም እንደምትሠራ፣ ንድፎቿም ምን ያህል እንደሆኑ ጠየቃት፤ ታናሹ ገልብጦ በትንሽ መፍቻ የሥሩን ክዳን ፈታ፤ ታላቁ በስልኩ መብራት አበራለት። ፕሮሰሰሩም ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት የጎደለው ራሙ ነው አሉ። ራም ማለት ማሽኑ የያዘውን ሥራ ዘርግቶ የሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ ነው፤ የእርሷ 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ጨምረውበት መቀጠል እንደምትችል፣ ፈጽሞ እንደ ጓደኞቿ ማሽን ግን እንደማይሆንላት በግልጽ ነገሯት። የኩባንያው ምልክት በእጅ ማሳረፊያው ላይ ለሁሉም በሚታይ ስፍራ ተለጥፎ ነበር፤ ሁለቱም ስለ እርሱ አንድ ቃል አላነሡም።

ለራሙ የሚሆነውን ገንዘብ ከጡረታዬ ሰጠኋቸው፤ እናትየው አይሆንም ብላ ብትከራከርም አልሰማኋትም። ልጆቹ ሊገዙት አብረው ወጡ። መንገድ ላይ በየትኛው ማርካ ራም ይሻላል እንደ ተሟገቱ ታናሹ ማታ ነገረኝ፤ ግን ገዝተው ተመለሱ።